ቤቱ ሳያልቅ ገባን

እሑድ፣ ሚያዝያ 12 ቀን

ለልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ፤ እዚያ ሩቅ አገር የሰው ቤት ስትገነባ አሞህም አያውቅ። እኛ ደህና አይደለንም። ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርህ፦ ሐሙስ ዕለት የኪራዩን ቤት ለቀን ወደ ቤታችን ገብተናል። አዎ፣ ወዳላለቀው። አሁን ብድግ ብለህ "ማን ፈቀደላችሁ?" ስትል ይታየኛል። ማንንም አላስፈቀድኩም።

እናትህ የኪራዩን ቤት ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል። ባለፈው ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው "እዚሁ ተዪኝ" አሉኝ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ልባቸው እንደደከመ፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት እንደቀሯቸው ነግሮኛል። ይህን ሁሉ ጽፌልህ ነበር። አንተ ምን ብለህ መለስክ? "የሳሎኑ ግድግዳ እኔ ሳልመጣ እንዳይለሰን፤ በቀኝ በኩል ግማሽ ጣት ያህል ዘሟል።" አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ።

ግማሽ ጣት! አንተ ሰውዬ፣ ያንን ግድግዳ እኮ ሦስት ጊዜ አፍርሰኸዋል። አንዴ ዘመመ ብለህ፣ አንዴ ብሎኬቱ ወጥ አይደለም ብለህ፣ ሦስተኛውንማ ምክንያቱንም አልነገርከኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ትለኛለህ። አንተ ሳትቸኩል አሥራ አንድ ዓመት ያፈሰስከውን ማን ይልቀመው? ታናሿ ልጅህ በራሷ ቤት አንድ ቀን ሳታድር የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች።

ሰው "ቱንቢ" እያለ በግድግዳ ማስተካከያ ገመድህ ስም ሲጠራህ እኮራ ነበር። አሁንም ሥራ ወዳድነትህን አልጠላሁም፤ ያገባሁህም እጅህን አይቼ ነው። የሰው ቤት ላይ ስትሆን ስህተት ታያለህ፣ ታስተካክላለህ፣ በቀጠሮው ቀን ቁልፍ ታስረክባለህ። ማታም እየሳቅህ ትገባለህ። የራስህ ቤት ላይ ሲሆን ግን ፊትህ ይጠቁራል፣ እጅህ መዶሻ ያነሳል። ለጠየቀኝ ሁሉ "ጥራት ስለሚወድ ነው" እያልኩ ስሸፍንልህ ኖርኩ። ምን ጥራት! ፍርሃት ነው። ቤቱ ካለቀ ሰው ገብቶ ያየዋላ! ያየው ደግሞ ይፈርዳል።

በሩን ትልቋ ልጅህ ሠራችው። እንጨት ቤት ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። መቃኑ ላይ ስትሞክረው ከላይ በኩል አልገባም አለ። እኔ ካንተ የለመድኩት ነውና አሁን ትሰብረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! መላጊያዋን አንስታ ላጥ ላጥ አደረገችና ገጠመችው። አሁንም ሲዘጋ ትንሽ ይጮሃል። የተሳሳተችበትን ልክ ደብተሯ ላይ ጻፈችና "የሚቀጥለው ይሻላል፤ እስከዚያ ብርዱ እንዳይገባብን" አለችኝ። ግዴለሽ እንዳትመስልህ፤ ከሥራ መልስ ቁርጥራጭ እንጨት እየለቀመች መጋጠሚያ ስትለማመድ ነው የምታመሸው። ስህተቷን ታጠናዋለች እንጂ አትደብቀውም። ከማን እንደተማረችው እንጃ፤ ካንተ እንዳልሆነ ግን ምዬ እነግርሃለሁ።

ትናንት ከሰዓት ይህንኑ እየተንጨረጨርኩ ለእናትህ አወራኋቸው። "ልጅዎ ከኛ ግድግዳውን መረጠ" አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ አንተ በሃያ ዓመት ትዳራችን ትንፍሽ ያላልከውን ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ሳለ ለብቻህ የጓሮ አጥር ገንብተህ ነበር። አባትህ ከሥራ ሲመለሱ ቱንቢያቸውን ጣል አደረጉበት፤ ዘሞ አገኙት፤ ከዚያም ሠራተኞቻቸው እያዩ በእግራቸው ገፍተው ጣሉት። "የግንበኛ ልጅ እንዲህ አይሠራም" አሉህ። ሰዎቹ ሳቁ። አንተ ድንጋዩን አንድ በአንድ ስትለቅም እናትህ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

"ያን ቀን ዝም አልኩ" አሉኝ። "ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ይኸው ነቀዘ። ጻፊለት። አጥሩ ቆንጆ ነበር በይው። እኔ አይቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነበር። ያኔ መናገር ሲገባኝ ፈራሁ፤ ይቅር በለኝ ትልሃለች በይው።"

ይኸው ጻፍኩልህ። ንዴቴ በረደ ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም አሁን በአባትህም ተናድጃለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የሳቸው እግር ያፈረሰው አንድ አጥር ነው። አንተ ግን እስካሁን በየቀኑ ስታፈርስ ትኖራለህ፣ እኛንም ፍርስራሹ መሀል አስቀምጠኸናል።

ልስኑን ሰኞ አስጀምራለሁ። ዘመመም አልዘመመም ግድ የለኝም፤ ልጆቹ ቀለሙን መርጠዋል። ከመጣህ መኝታህ አለ፤ መዶሻህን ግን እዚያው ተወው። ልጆቹ ናፍቀውሃል። እኔንስ ተወኝ፣ ለምጄዋለሁ።

መንገድህን ያቅናልህ፣ በጤና ያግባህ። እናትህ መስኮቱ አጠገብ ሆነው መልስህን እየጠበቁ ነው። ይቅርታቸውን በደብዳቤ እንዳትመልስላቸው።

ባለቤትህ