በዘበኛው አንገትጌ ስለተለካው የእኛ ትንፋሽ

ለተከበሩ አቶ ምንይችል
የዱቄት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ዳንግላ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ሽታዬ ከወፍጮው ሥር ዱቄት በጆንያ ከሚሞሉት ሴቶች አንዷ ነኝ፤ በአደባባይ መጻፌም ቢሮዎ ልንገባ ስንጠይቅ ልብሳችን ምንጣፉን እንደሚያበላሽ ስለተነገረን ነውና አይቀየሙኝ።

አንደኛ፣ ስለ ልኬቱ ቀን ምስጋናዬን ይቀበሉ። የሠራተኛ ጤና ባለሙያዋ ሕይወት የምንተነፍሰውን ብናኝ ልትለካ እንደምትመጣ ቀድመው ስለሰሙ ወለሉ በውሃ ታጠበ፣ ከወፍጮዎቹም አብዛኞቹ ዕረፍት ተሰጣቸው። እኛ ያላገኘነውን ዕረፍት ብረት ሲያገኝ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ሕይወት ብናኝ የምትለካበትን ትንሽ መሣሪያ፣ ፓምፑን በወገብ፣ አየር የሚስበውን ጫፍ በአንገትጌ አድርጋ፣ ለወርቅነሽ አሰረችላት። ወርቅነሽ ከዘንገና የመጣች፣ ከጆንያው አፍ ፊት የምትቆም፣ ከሁላችን ይልቅ የምታስል ጓደኛችን ናት። እርስዎ ግን ደርሰው፣ «እሷ ሥራ ይበዛባታል፤ ለሽባባው ይሁን፣ ዘበኛም ሠራተኛ ነው» ብለው አስፈቱት። ሽባባውም መሣሪያውን ታጥቆ ቀኑን ሙሉ ከውጭው በር ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ሕይወት ብትቃወምም ሻይ ተጋበዘች። ከዚያም «የፋብሪካችን አየር ንጹሕ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሽባባው ሳንባ ጤነኛ መሆኑን በመስማታችን ቤተሰቡም እኛም ተደስተናል።

ሁለተኛ፣ ወርቅነሽ የአፍ መሸፈኛ ብትጠይቅ፣ «ለንጹሕ አየር ምን መሸፈኛ ያስፈልጋል?» ተባለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ ስትሠራ ሰንብታ፣ ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከጆንያው ፊት ተንበረከከች፤ አፏን ትከፍታለች፣ አየር ግን አይገባም። ከንፈሯ ሲጠቁር ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ፈቃድ በማጥፋቴ የሰጡኝን ማስጠንቀቂያም በአክብሮት ተቀብያለሁ። በጋሪ ወደ ሐኪም ስናደርሳት እጄን ጨብጣ፣ «ሽታዬ፣ ዱቄቱ ውስጤ ነው» አለችኝ። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ጋደም ማለት ግን አትችልም፣ ተቀምጣ ታድራለች። ሐኪሙም ወደ ዱቄት እንዳትመለስ አስጠንቅቋታል። እርስዎ ምስጋና ይግባዎትና ቦታዋን ክፍት አላስቀሩትም፤ በማግስቱ ሌላዋን ጓደኛችንን በቀለችን አቆሙበት። ትናንት በቀለች ማሳል ጀምራለች። ሳሏን እናውቀዋለን፤ ወርቅነሽንም እንዲሁ ነበር የጀመራት፣ ደረቅ፣ ትንሽ፣ ሰው እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ ያህል።

ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ዜና ግን አለኝ። ሁላችን ሆነን ሕይወት ዘንድ ሄደናል። ሽባባውም አብሮን መጥቶ መሣሪያውን ታጥቆ የት እንደዋለ በራሱ አንደበት ነግሯታል። ዳግመኛ እመጣለሁ ብላናለች፤ ቀኑን ግን ለእኛም አልተናገረችም፣ ለእርስዎም አትናገርም። እንግዲህ ወለሉን በየማለዳው ማሳጠብ፣ ወፍጮዎቹንም በየቀኑ ማሳረፍ ሊኖርብዎት ነው፤ እግዚአብሔር ያበርታዎ።

የፋብሪካዎን ዱቄት ሳትገዛ ዕለት ዕለት የምትቀምሰው፣ ትንፋሿ እስካለ አክባሪዎ የሆነችው፣
ሽታዬ እንግዳው

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ዛሬ ጠዋት በወፍጮው በኩል ያለው የቢሮዎ መስኮት ዙሪያውን በፕላስቲክ ሲታሸግ አየን። አየሩ ንጹሕ ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እንዳይገባብዎ የፈሩት ምንድን ነው?