ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ስለቆረጣት መስመር

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ ስመኘው
የጎህ በር ኮሌጅ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ የሚፈራው ቀይ እስክሪብቶዎ ደህና እንደሆነ አምናለሁ። እኔ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የማነሳው እህተ ማርያም ነኝ። አሴምብሊ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያስተምሩበትን ጽሑፍዎን ስምንት ዓመት ሙሉ ያባዛሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ራሴን እንደ ባልደረባዎ ብቆጥር እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ያምሮት ደረሰ ነው። ከቋሪት ገበዝ ማርያም መጥታ አራት ዓመት የተማረችው ይህች ልጅ በእርስዎ ፈተና ወድቃ ስሟ ከተመራቂዎች ዝርዝር ወጥቷል፤ ዝርዝሩም ሰኞ ይዘጋል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

፩. ልጅቱ ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ሥራ በስሙ ከመጥራቷ በፊት፣ ኤክስተርን ብላ ስሙ የውጭ መሆኑን ከላይ አስታወቀች፤ በዚያኛው ፋይል ደግሞ ግሎባል ብላ ስሙ ለሌላው እንዲታይ ፈቀደች። እኔ ያልተማርኩት እንኳ ሲያስረዱኝ ገባኝ፤ ለደቦ ከማንኩሳ ሰው የሚጠራ ገበሬ እገሌ የሚባል እንግዳ እንደሚመጣ ለቤቱ ይናገራል፣ የተጠራውም ለቤቱ ተናግሮ ይወጣል። እርስዎ ግን መስመሯን «ያልተጠየቀ» ብለው ሰርዘው የጥያቄውን ነጥብ በሙሉ ወሰዱ። ስለ ጥንቃቄዎ እግዚአብሔር ይስጥልን።

፪. ያረሙት ከማስተማሪያ ጽሑፉ ጋር እያስተያዩ ነው። እሱ ደግሞ የቅጂ ቅጂ ነው። የእኔ ማሽን የገጹን ራስ ይቆርጣል፣ ኤክስተርንም የሚጻፈው ከገጹ ራስ ላይ ነው። ይህን ከአምስት ዓመት በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ፣ ማሽኔን እንድጠብቅና ትምህርቱን ለእርስዎ እንድተው መከሩኝ። ተውኩልዎ።

፫. የቤተ ሙከራው ባለሙያ አቶ ሰውነት ሁለቱንም በኮምፒውተር ሞከሩ። የያምሮት ሠራ፤ የእርስዎ መልስ ግን የተጠራውን ስም አላውቀውም ተብሎ ተመለሰ። ውጤቱን አትመው ሲያመጡልዎ፣ እርስዎ ፈተናው የወረቀት እንጂ የኮምፒውተር አይደለም አሉ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ አንገሸገሸኝ። የኮምፒውተር መምህር ኮምፒውተርን በምስክርነት አልቀበልም ሲል አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፬. አባቷ አቶ ደረሰ አዝመራቸውን ትተው መጥተው ሦስት ቀን በርዎ ላይ ቆሙ። ልጃቸው ምን እንዳጠፋች ሲጠይቁዎ፣ ከታዘዘችው በላይ ትጽፋለች አሏቸው። ሰውየው ከእርስዎ ዘንድ ወጥተው ወደ ሱቄ ጎራ አሉና፣ ትጋት ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚጥለው ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ለእርስዎ ስለሆነ ይኸው ልኬዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቷን ከሰኞ በፊት እንደገና ይረሙላት።

ስምንት ዓመት ስህተትዎን በታማኝነት ስታባዛልዎ የኖረች፣
እህተ ማርያም እንቁ

ማስታወሻ፦ መጀመሪያ እንዳባዛልዎ የሰጡኝ ዋናው ጽሑፍ ከአሮጌ ካርቶን ውስጥ ተገኝቷል። መስመሯ አለች። ከጎኗም በዚያው ቀይ እስክሪብቶዎ «ይህ ካልተጻፈ አይሠራም» ብለዋል። ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ፣ ራሱ ሳይቆረጥ አንስቼዋለሁ፤ ሱቄ በር ላይ ተለጥፏል። አቶ ደረሰ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ያምሮት ጮክ ብላ አንብባላቸዋለች።