ስለ አክስቴ በጎች የጻፍኩት ስህተት

ለምወድዎ አባቴ፣ ከሩቅ ሆና ስምዎን በየቀኑ ከምታነሳው ልጅዎ ይድረስ።

እንዴት ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎት ነገር ቀለል አለልዎት? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት ወይስ አሁንም ከአፍንጫዎ እየተንሸራተተ ያስቸግርዎታል? የእማዬ ሳል ለቀቃት? እህቴና ሕፃኗ እንዴት ናቸው? ጥርስ ማብቀል ጀምራለች ብላችሁኝ ነበር፤ መቼም እንቅልፍ ሳትነሳችሁ አትቀርም። ጎረቤቱ፣ ጓሮው፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልብሴም አልሰፋኝም፤ ይህን ለእማዬ በተለይ ይንገሩልኝ።

ጤናዬ ደህና ይሁን እንጂ ልቤ ደህና አይደለም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄዎት ተሰናበትኩ። በመጨረሻው ጊዜ ስልኩን ሳይዘጉት፣ ይህቺ ልጅ ሥራዋን ትታ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሆነች እንዴ፣ ብለው ለእማዬ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ድምፅዎን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ለዚህ ነው መጻፉን የመረጥኩት። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በሐምሌ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ መቼም አይረሱትም። እርስዎ ከእኛ በጎች፣ እህትዎ አክስቴ ደግሞ ከራሷ በጎች፣ እከክ ከያዘው ቆዳ ላይ ፍቅፋቂ አንስታችሁ በየብልቃጡ ልካችሁልኝ ነበር። መርፌ እየተወጉ እከኩ ለምን እንደማይለቃቸው እንድመረምርላችሁ ነበር። እኔም ከተባዮቹ ዘረ መል አውጥቼ አየሁና አፌን ሞልቼ ጻፍኩ፦ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተባይ በአክስቴ በጎች ላይ ሞልቷል፣ በእኛ በጎች ላይ ግን ጥቂት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከእሷ ወደ እኛ እየተሻገረ ነው አልኩ። እርስዎ ደብዳቤውን ውኃ ገንዳው አጠገብ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው አነበቡት። የእኛን ግቢ ከአክስቴ ግቢ የሚያገናኘውን በር በሽቦ አሰሩት። በጎቿ ከጋራው ገንዳ እንዳይጠጡ፣ ከጋራው ሜዳም እንዳይግጡ ተከለከሉ። ይህን ሁሉ እህቴ ስትነግረኝ ኮራሁ። አልደብቅዎትም፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። ምርመራውን የምንሠራው ከመዳፍ ትንሽ በሚሰፋ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ዘጠና ስድስት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የአንድ ተባይ ዘረ መል ይገባል። የላዮቹን ረድፎች ለእኛ በጎች፣ የታቾቹን ለአክስቴ በጎች ሰጠሁ። በመጨረሻዋ ጉድጓድ ውኃ ብቻ ጨመርኩባት፤ ከእሷ ምንም መታየት የለበትም፤ ከታየ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። በየት በኩል ወደ መመርመሪያው መሣሪያ እንደሚገባ እንድናውቅ የሳህኑ አንድ ጥግ ተቆርጧል። እኔ ያን ቀን ሳህኑን አዙሬ አስገባሁት። በዚያች አንዲት መዞር የእኛ በጎች የአክስቴ ሆኑ፣ የእሷም የእኛ።

ይህ እንኳ በማንም ይደርሳል። እኔን የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውጤቱ ሲመጣ ውኃ ብቻ ካለባት ጉድጓድ ዘረ መል ታየ፤ የእኛ የአሮጌው አውራ በግ ተባይ ያለባት የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ደግሞ ባዶ ሆነች። አየሁት አባባ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ግን መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ አክስቴ፣ እህቴ በጎቿን በወጉ አትይዝም፣ ሲሉ እሰማዎት ነበር፤ ውጤቱም ያንኑ ስላለልኝ ጣመኝ። እማዬ ለሰው ሁሉ ዶክተር ናት ብላ ታወራልኛለች። እኔ ግን ጉድጓድ ሞይ ነኝ፤ እሱንም በትክክል አልሞላሁም።

ከስምንት ሳምንት በፊት ኃላፊያችን ውጤቱን በጥናት ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ይደገም አለ። ከማቀዝቀዣው የተረፈውን አውጥቼ እንደገና ሠራሁ፤ የተቆረጠውን ጥግ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ ነበር። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ጠንካራው ተባይ የሞላው በእኛ በጎች ላይ ነው። በአክስቴ በጎች ላይ የተገኙት ጥቂቶቹ ከእኛ የሄዱ ናቸው። ይህን አውቄ ሰባት ሳምንት ዝም አልኩ። ጠዋት ጠዋት ነጩን ካፖርት ለብሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደህና አደራችሁ እያልኩ ሠራሁ።

ሌላም አለ። ተባዩ እንዴት እንዲህ እንደጠነከረ ሳስብ፣ ሥልጠና ላይ እያለሁ ለዕረፍት የመጣሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ቶሎ አይመለስም ነበር፣ መድኃኒቱም ትንሽ ነበር። ለሁሉም እንዲዳረስ ለእያንዳንዱ በግ ግማሽ ግማሽ ውጉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እርስዎ፣ ሐኪሙ ሙሉ ነው ያለው፣ ብለው ነበር። እኔ ነኝ ተምሬያለሁ ብዬ የተከራከርኩዎት። ግማሽ መድኃኒት ደካማውን ተባይ ይገድልና ጠንካራውን ይተወዋል፤ የተረፈው ደግሞ ይራባል። ያን ዓመት ያስተማርኩዎትን እርስዎ እስከ ዛሬ አክብረው ሲሠሩበት ኖረዋል። እኔን ማመንዎ ነው ይህን ያመጣብን።

ባለፈው ሳምንት ናሙና የሚያመላልሰው ሾፌራችን ከአክስቴ የተላከ ደብዳቤ አመጣልኝ። ትወቅሰኛለች ብዬ እየፈራሁ ከፈትኩት። እሷ ግን ይቅርታ ነው የጠየቀችኝ። በጎቼ አዋረዱን ልጄ፣ ሳላውቅ ነው ያጋባሁባችሁ፣ ትላለች። ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙን ለሥጋ ነጋዴው አስረክባለች። አሥራ አንዱን ያቆየቻቸው እስኪወልዱ ብላ ነው፤ እነሱንም በወሩ መጨረሻ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ግቢዬ ንጹሕ ስለሚሆን አባትሽ በሩን እንዲከፍት ለምኚልኝ ብላለች። በጎቹ ይቅሩብኝ፣ ወንድሜ ግን አይቅርብኝ፣ ብላ ነው የጨረሰችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ለኃላፊያችን ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳህን ያላዞረ ሰው እዚህ ቤት የለም፣ ሰባት ሳምንቱ ግን የራስሽ ነው፣ ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። በዚያው ቀን ስሜን ከጥናቱ ጽሑፍ ላይ እንዲያነሳው ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ስህተቱም ከነባለቤቱ ይጻፋል አለኝ። እዚያው ወንበሬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ።

አሁን አባባ፣ ደፍሬ የምለምንዎ ነገር አለኝ። ሾፌሩ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ይሰጥዎታል፤ ሐኪሙም አብሮት ይመጣል፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይዟል። በጎቻችንን አንድ በአንድ ይመዝንና ሙሉውን ይሰጣቸዋል። ሥጋ ነጋዴው ከመድረሱ በፊት እርስዎ ራስዎ አክስቴ ዘንድ ይሂዱ። ሰው አይላኩ፣ እህቴንም አይላኩ። የበሩ ሽቦ ዛሬውኑ ይፈታ፣ ግን ለሰው ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ድነዋል እስኪል ድረስ ከገንዳውና ከሜዳው የሚታገዱት የእኛ በጎች ናቸው። የሐምሌውን ደብዳቤ ባነበቡበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ይህንንም ያንብቡልኝ። ስለ ግማሹ መድኃኒት የጻፍኩትን እንዳይዘሉት። ሊያድኑኝ ብለው እንደሚዘሉት ስለማውቅ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ዶክተር ማለቱንም ትተውልኝ። እህቴን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ያን ቀን በኩራት ስለነገረችኝ አላፍርባትም፣ የማፍረው በራሴ ነው በሏት። ሕፃኗን ከእግር እስከ ራሷ ሳሙልኝ። አማቼን፣ ገንዳውን በየሳምንቱ ለብቻው ስለሚያጥብልን እጅ ነሥቼለታለሁ በሉልኝ።

ለአክስቴ ግን ሰላምታ አልላክሁም። አሥራ ዘጠኝ በግ ካስፈጀኋት በኋላ በወረቀት እንደምን አለሽ ለማለት ፊት የለኝም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መጥቼ ደጇ ላይ እቆማለሁ፣ ብታስገባኝም ባታስገባኝም። እስከዚያው እርስዎ በሯን ሲያንኳኩና ይቅርታዋን ሊቀበሉ የመጡ መስሏት እንደገና ይቅርታ ልትጠይቅዎ ስትጀምር፣ እባክዎ አያስጨርሷት።

ልጅዎ

ከላቦራቶሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን