የውሰት በሬ

ለልጄ ለአበባው፤ ከእናትህ ከጌጥነሽ፣ ቆቦ።

ሌት ስትተኛ የሚጠብቅህ የማርያም ልጅ፣ ቀን በሜዳውም አይለይህ። እግርህን እንቅፋት አያግኘው። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ቢዘገይም ማሽላው አሽቷል፤ ወፉ ግን አላስቀምጥ ብሎኝ ከማማው አልወርድም። ይህንንም እዚሁ ማማ ላይ ሆኜ እየነገርኳት የምትጽፈው እህትህ ትርሲት ናት።

የኳስ ክለብህ ከእሱ በታች ዲቪዚዮን ላለ ክለብ በውሰት እንደሰጠህ ከስልኳ አንብባ ነገረችኝ። እንግሊዝ አገር ሰውም ይዋሳል? አባትህ በሬያችንን ለሰው ሲያውስ፣ አመሻሽ ላይ ሄዶ ጫንቃውን ሳይዳብስ ቤት አይገባም ነበር። የውሰት በሬ ቢቆስል የሚያዝንለት ባለቤቱ ነዋ! ለአንተ ማን ይመጣል?

ቆዪ ትርሲት፣ ወፉ ወረደ፤ ወንጭፌን ላንሳ።

እሺ፣ ጻፊ። ጎል ስታገባም አሳየችኝ። ጓደኞችህ ሲዘሉ አንተ ቆመህ እጅህን ብቻ አነሳህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ጎል አግብተህ መቼ ቆመህ ታውቃለህ? እግርህን አሞህ መስሎኝ ሮቢት ላለው ወጌሻ ብነግረው፣ «በስልክ አይታሽም፣ ይምጣ» አለኝ። ደህና ነኝ አትበለኝ፤ አባትህም አልጋ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ደህና ነኝ ይል ነበር።

ጌታ አጥንትህን ያጽናልህ። በሰው አገር መወደድን ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እሑድ በቪዲዮ ስትደውል ፊትህን አውቀዋለሁ፣ ስልኩን ዝቅ አድርገህ ጉልበትህን አሳየኝ።