የአባዬ ግራ ጎን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ጭቃ ሳቦካ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። የአባዬን ጭንቅላት መቅረጽ ጀመርኩ... ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እማዬ የሰጠችኝን ፎቶዎች ደረደርኳቸው። ሁሉም ከቀኝ በኩል! የወንድሜ ሰርግም፣ የእኔ ምርቃትም። ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ግራ ጆሮው የለማ።

ፎቶ አንድ ጎን ካሳየ ይበቃዋል። ይሄ ግን በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ሳዞረው በግራ በኩል ምን ላድርግ? የነበረውን ነዋ። ጠባሳውን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ታላቅ ወንድሜ ወደ ሥራ ቤቴ መጣ። ዞር ዞር ብሎ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ።
"ጆሮው የታል?"
"የት እንደቀረ አንተ ታውቃለህ።"

ደግ አደረግኩ። ያኔ አንድ ውሻ ይዞት የነበረው እሱን ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ። አባዬ እላዩ ላይ ተደፋበት፣ ውሻው የአባዬን ጆሮ ይዞ ሄደ። ቤታችን ውስጥ ይህን ማንም አያነሳም።
"ሰው ይስቅበታል። ፎቶው ላይ እኮ ሙሉ ሰው ነው!"
ሙሉ ሰው! ደሜ ፈላ። ጎዶሎው ማን ሆነና?

ሰኞ፣ ኅዳር 9
በየቀኑ ይደውላል። "ለእማዬ ስትዪ።" ለእማዬ? እሷን ማን ጠየቃት? ሲሰለቸኝ ጆሮ ሠርቼ ለጠፍኩለት። ቆንጆ ጆሮ። አንድ ዙር አዞርኩት... የማላውቀው ሽማግሌ። በቢላ ገሽልጬ ወረወርኩት። ከንዴት ብዛት አለቀስኩ። እንባዬን በጭቃ እጄ ጠርጌ ፊቴን ለቀለቅኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12
ከምድጃ ወጣ። አልተሰነጠቀም። ለወንድሜ ደወልኩ።
"ጆሮ አለው?"
"የለውም።"
ስልኩን ጠረቀመብኝ። ይጠርቅማ!

እሁድ፣ ታኅሣሥ 20
እማዬ ቤት ይዤው ሄድኩ። ወንድሜ ቀድሞኛል። ከእጄ ተቀበለና ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው... ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳ አዙሮ።
"ይኸው፣ እንደ ፎቶው ሆነ።"

አፌን ከፍቼ ልሰድበው ስል እማዬ ብድግ አለች። ከጭንቅላቱ ፊት ለፊት አልቆመችም። ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ በግድግዳውና በጭንቅላቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ትከሻዋን ለማስገባት ትታገል ጀመር።
"እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?" አላት ደንግጦ።
"ቦታዬን ነዋ! ሰው እንዳያይበት ብዬ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ በኩል ነው የሄድኩት። አሁን ለግድግዳ ልልቀቅ?"

እውነቷን ነው። መንገድ ላይ አንድም ቀን በቀኙ ሆና አይቻት አላውቅም። እንዴት አላስተዋልኩም?

ወንድሜ ጠረጴዛውን ጎትቶ ክፍሉ መሃል አወጣው። እማዬ ወንበር ስባ በአባዬ ግራ ተቀመጠች። እሱም ዞሮ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ፤ ጠባሳውን አየው።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ሻይ ግን ቀዳሁለት።