ሦስተኛው ስልክ ቁጥር

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የወፍራሟ ደንበኛዬ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ዛሬም አላለቀም። አንዱ በር አልገጥም ብሎ ሦስቴ ላግኩት። ሬዲዮው መሬቱ ሰሞኑን መንቀጥቀጡን አያቆምም ይላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ድንገት ቢወጣ የሚይዘው ቦርሳ ያዘጋጅ ተባለ። ውኃ፣ የእጅ ባትሪ፣ መድኃኒት፣ የሰነድ ኮፒ...

ቤተሰብ። የኔ ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ እሑድ ማታ ይሄዳል። ልጄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሬዲዮውን አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ልጄ ቀይ ቦርሳ አዝላ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ዘርግፋ አሳየችኝ። ሁሉም በየላስቲኩ ታሽጓል። ብስኩት፣ ሶፍት፣ ካልሲ፣ ባትሪ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ፊሽካ። ያሸገውን ሰው እጅ አወቅኩት። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው እጅ ነው።

«ጋሼ ነው ያዘጋጀልኝ። ለሦስታችንም አለን።»

ለሦስታችንም። እሷ፣ እናቷ፣ ባለጋውኑ። እናቷ እሱን ካገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ደብተር ስሙን አንዴም አልጻፍኩም፣ አሁንም አልጽፍም።

ፕላስቲክ የተለበጠ ካርድም አለ። «ችግር ሲያጋጥም ይደውሉ» ይላል። አንደኛ እሱ። ሁለተኛ እናቷ። ሦስተኛ እኔ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ... እሱም አናደደኝ። የሐኪምና የመድኃኒት ቤት ሰው ጽሑፍ አይነበብም ሲባል አልነበር?

«የኛስ የት አለ አባዬ?»

«እየሠራሁት ነው» አልኳት። ዋሸሁ።

እሑድ፣ ጥር 11

ከሄደች በኋላ ኮምፔንሳቶ ቆረጥኩ። እሱ ቦርሳ ከሰጣት እኔ ሣጥን እሰጣታለሁ። እሱ የሦስት ቀን ውኃ ካለ እኔ የሳምንት። ባለ ክዳን፣ ባለ እጀታ፣ ውስጡ በየክፍሉ የተከፋፈለ። ደንበኛዬ ትጠብቅ።

ደክሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። ደስታ ነው ይሄ?

ረቡዕ፣ ጥር 14

እናቷ ደወለች። «ሳሏ እኮ ብርድ አይደለም። እሱ ወስዶ አስመርምሯት...»

ቀሪውን አልሰማሁም። «ደንበኛ ቆሞብኛል» ብዬ ዘጋሁት። ማንም አልቆመብኝም። እሱ ወሰዳት፣ እሱ አስመረመራት፣ እሱ አዘጋጀላት። እኔ ምን ሆኜ ነው?

ሣጥኑን ቫርኒሽ ቀባሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

አሳየኋት። ዞረችው፣ ክዳኑን ከፍታ ዘጋች፣ በሁለት እጇ ለመጎተት ሞከረች። ፍንክች አላለም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አልጋ ነው።»

ሳቀች። እኔም እንደምንም ሳቅኩ። እሷ የምትይዘው ሰማያዊ ቦርሳም ገዝቼ ነበር። ባትሪው ከዛኛው ይበልጣል። አጎንብሼ ጀርባዋ ላይ አስተካከልኩላት። ቀዩን ሥራ ክፍል ወስጄ የመሣሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

«ከኔ ጋ ስትሆኚ የኔን ነው የምትይዢው።»

«ግን ጋሼ ከአጠገብሽ አይራቅ ብሎኛል።»

«ጋሼ እዚህ የለም።»

ሰማያዊውን ቦርሳ አወለቀች። እራቷንም በቅጡ አልበላችም።

እሑድ፣ ጥር 18

እንደሆነው ልጻፈው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ቁርስ ላይ ነበርን። መጀመሪያ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር የሸሸ መሰለኝ። እሷንም ሰማያዊውንም ቦርሳ ብድግ አድርጌ ወጣሁ። በሥራ ክፍሉ በኩል ነው መውጫው። ግድግዳ ላይ የተደገፈው ጣውላ ሁሉ ተናደ፣ የሳምንት ሰጋቱራ እንደ ጉም ተነሣ። በዛ ውስጥ አልፈን ግቢው መሐል ቆምን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። አንድም ግድግዳ አልወደቀም። ተረፍን አልኩ።

ከዚያ ሳል ጀመራት። ሳሉ አልቆመም። ቀጥሎ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ትከሻዋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አንገቷ ሥር ሲሰረጉድ ዐየሁ።

«መድኃኒቴ... የሚነፋው...»

ሰማያዊውን ቦርሳ ዘረገፍኩት። ፕላስተር፣ ቁስል ማጠቢያ፣ ትልቁ ባትሪዬ። ራሷን ነቀነቀች።

«ቀዩ... ውስጥ።»

ሮጥኩ። ጣውላው ቁም ሣጥኑ ላይ ተጋድሟል። አንሥቼ ወረወርኩት። ቁልፉ ገባ፣ ግን አልዞር አለ፤ በሩ ተጣሟል። በገዛ እጄ የሠራሁት በር ነው፣ ሌባ እንዳይከፍተው ብዬ ነበር ያጠነከርኩት። በመሮና በመዶሻ ማጠፊያውን ነቅዬ ገነጠልኩት።

መድኃኒቱን አገኘሁ። ግን እንዴት ነው? ከሱ ጋር የሚገጠም ፕላስቲክ ቱቦም አለ። የቱ በየት? መናገር አቅቷታል፣ በጣቷ ልታሳየኝ ትሞክራለች። ከንፈሯ መልኩን ቀይሯል። ካርዱን አነሣሁ። የመጀመሪያው ቁጥር። ሁለቴ አልሠራም፣ በሦስተኛው ገባ።

«የምትነፋው መድኃኒት... እንዴት ነው?» አልኩ። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልነገርኩትም።

«ስማኝ። በደንብ ነቅንቀው። ቱቦው ጫፍ ላይ ሰካው። ሌላውን ጫፍ በከንፈሯ ትግጠም። አንዴ ተጫን፣ በቀስታ ትሳብ። ትንሽ ትያዘው። አሁን እስከ ሠላሳ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። እሱም በስልክ አብሮኝ ይቆጥራል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም። የኔ ይንቀጠቀጣል።

«ድገም።»

ደገምኩ። እንደገና ደገምኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እሱ ነው የያዘው። ቀስ እያለ ትከሻዋ ወረደ።

እሱና እናቷ በሩጫ መጡ። እሱ በነጠላ ጫማ ነው። ተንበርክኮ ደረቷን አዳመጠ። እኔ ቆሜ አየሁ። አፈር ልብላ፣ ያኔም ቀናሁ። እጁን እንዴት ደረቷ ላይ እንደሚያኖር አይቼ ቀናሁ።

እናቷ ጠየቀች፦ «ቦርሳው የት ነበር?»

አፌን ሳልከፍት ልጄ መለሰች፦ «እኔ ነኝ እማዬ። ሥራ ክፍል ረስቼው።»

ወደኔ አልተመለከተችም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ለኔ ብላ ዋሸች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋሸችልኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ሰው ተሰልፏል፣ እኔም ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ነገርኩት።

«አልረሳችውም። እኔ ነኝ የቆለፍኩበት።»

«ለምን?»

«አንተ ስለሰጠሃት።»

መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ቀላ። «ብትሞትብንስ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ብትሞትብን። «ብን» ያለው አንጀቴን በላው፣ ግን ምን መብት አለኝ? ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ወለሉን ታያለች። እሱ «እዚያ ቁጭ በል» አለኝ። የተሰለፉትን አስተናግዶ ጨረሰ። ከዚያ የሚነፋውን መድኃኒት ባዶ ዕቃ አምጥቶ አምስት ጊዜ አሠራኝ። አስሙን ምን እንደሚያስነሣባት ጻፈልኝ። መጀመሪያው መሥመር ላይ «የእንጨት ብናኝ» ይላል።

ለእናቷም እኔው ደወልኩላት። «ቅዳሜ አትመጣም። እስክደውልልህ ጠብቅ» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

አልመጣችም። አሁን ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ይሆናል። ምን ይበላሉ? ትስቃለች?

ሰጋቱራውን በጆንያ አወጣሁ። መጋዙንና መላጊያውን ግቢው ጥግ ካለው ቆርቆሮ ሥር አዛወርኩ። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ሲመሽ ጀርባዬ አልቃና አለ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ሣጥኑን ፈታሁት። ውኃውን በትናንሽ ጠርሙስ ለይቼ በየቦርሳው ከተትኩ፣ አንዱን ቦርሳ አንድ ሰው በአንድ እጅ እንዲያነሣው። ስትመጣ ቀይ ቦርሳዋን የት ትሰቅላለች እያልኩ ቤቱን ሁለቴ ዞርኩ። በሩ አጠገብ፣ በሷ ቁመት ልክ መስቀያ መታሁ። ደንበኛዬ መጥታ ስለ ቁም ሣጥኗ ተቆጣች። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ዛሬም የለችም። ደውዬ ልለምን? አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መጣች። እናቷ በሩ ድረስ አደረሰቻት፣ ገብታ ሥራ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ጣቷን መደርደሪያው ላይ አሳለፈች። ጣቷን ተመለከተች። ሄደች።

ለልጄ «ሁለተኛ ለኔ ብለሽ እንዳትዋሺ» አልኳት። «እሺ» አለች። ጫማዋን እያወለቀች፦ «እማዬ ተቆጥታ እንዳታስቀረኝ ብዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ አሸዋ ሲያራግፉ አቧራው ገባ። ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። መስኮቱን ዘጋሁ። ቀዩን ቦርሳ ከመስቀያው አወረድኩ፣ መድኃኒቱን ነቀነቅኩ፣ ሰካሁ፣ ተጫንኩ፣ ሠላሳ ቆጠርኩ። ደገምኩ። ለቀቃትና ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ማንም ሳያዘኝ ለባለጋውኑ ደወልኩ።

«ስንት ሰጠሃት?»

«ሁለት። አሁን ደህና ናት፣ እየሣለች ነው።»

«ጎበዝ።»

«ለናቷ ንገርልኝ።»

«አይ፣ አንተ ንገራት። ካንተ ብትሰማው ይሻላል።»

ዘጋሁት። ያ ሰው ጎበዝ ስላለኝ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ። ቅናቱ እንዳለ ነው፣ የትም አልሄደም።

ለእናቷ ደወልኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላምጣት?» አለች።