የእሑድ ተራዬ

እሑድ፣ ጥር 3፣ ጠዋት

የስፌት መኪናዋ መጣች። ዛሬም። ከማኅበራችን ብርቱካን ከሀዳር ሰፈር በአውቶቡስ ተሸክማ አመጣቻት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ክዳኗን አልከፈትኩም። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ልጄ ትርንጎ በሞት ከተለየችኝ ወዲህ መርፌ አልያዝኩም። አምስት ሴቶች ተበድረን የገዛናት መኪና ናት። በየቤታችን ትዞራለች። እሑድ የእኔ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ከአገር ቤት ወጥተን በሰፈርንባት ሃሊሳ ዝናብ ነው። አህያችን ትዝ አለችኝ። ጎንደር፣ ገጠር ሳለን፣ ሸክላ እየሠራን በጀርባችን ነበር ገበያ የምንወስደው። ስንቱ መንገድ ላይ ተሰበረ። በኋላ የብድርና ቁጠባ ሰዎች መጡ። ለአንዲት ሴት ብቻዋን አናበድርም፣ አምስት ሆናችሁ አንዳችሁ ላንዳችሁ ዋስ ሁኑ አሉን። ሆንን። አንዲት አህያ ገዝተን በተራ እንጭናት ጀመር። ባሎቻችን አህያዋን ወይዘሮዋ መጣች እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ስንመለስ ትርንጎ ባዶዋ አህያ ላይ ትቀመጣለች። ትዘፍናለች። ያን ጊዜ ነው ማንንም ሳልለምን ጫማ የገዛሁላት። ቀይ ጫማ።

እሑድ፣ ጥር 10

መኪናዋ መጣች። አልከፈትኳትም። ለብርቱካን ነገርኳት፤ ተራዬን ለዚያች ከአገር ቤት አዲስ ለመጣችው ልጅ ስጡ፣ ሥራ የላትም። ሐሙስ እትዬ ብርቄ ቤት ስንሰበሰብ ራስሽ ተናገሪ አለችኝ። በዕብራይስጥ ቤሰደር፣ እሺ አልኩ። ከሄደች በኋላ አለቀስኩ። ለመኪና ይለቀሳል?

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በአገር ቤትም የማኅበራችን እናት ነበሩ። ተራዬን ልተው ነው አልኳቸው።

«አንቺ፣ ባሌ የሞተ ጊዜ የእኔን ቀን ማን ወሰደው?» አሉኝ።

ማንም። ሐዘንተኛ ቀኗን አትነጠቅም ነበር። አራታችን የእሳቸውን ማሰሮ ጭነን፣ ሸጠንላቸው፣ አህያዋን ደጃቸው አስረን ነበር የምንመለሰው። እንዴት ረሳሁት።

«ዕብራይስጡን ሳትለምጂ የአገርሽንም ጣልሽው» ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከትርንጎ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ነገሩኝ። የእኔን ድርሻ ስፌት ከየቀናቸው እየቀነሱ ሲሰፉልኝ ከርመዋል። ብድሬም ሳይጓደል ተከፍሏል።  

ልጅቷስ? አልኩ። ዓርብ እስከ ቀትር መኪናዋ ሥራ ፈታ ነው የምትውለው፤ ለእሷ ይሁን ተባለ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አታውቅም አለች ብርቱካን። እኔ አሳያታለሁ አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

ነገ ልጅቷም መኪናዋም እኔ ቤት ይመጣሉ። መኪናዋ ቅዳሜ ሰንበታችንን እኔ ጋ ታርፋለች። እሑድ ለራሴ እከፍታታለሁ።